ቲኬት ተቆርጦ ሕመም ሲመጣ ነጋዴው ምን ያድናል?

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነስቶ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንዡ ለንግድ የሚሄድ ሰው ቲኬቱን የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በፊት ነው። የበረራው ቀን ሲቀርብ ትኩሳት ቢይዘው፣ ትርፍ አንጀት ቢነሳበት ወይም ወድቆ እግሩ ቢሰበር ለቲኬቱ የከፈለው ገንዘብ ምን ይሆናል?

በገበያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ግምት ይሰማል። አንዳንዱ «ታምሜ ነው የቀረሁት፣ ሐኪም ይመስክርልኝ» ካለ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስለት ያምናል። ሌላው ደግሞ «የአውሮፕላን ቲኬት ከተቆረጠ አበቃ» ብሎ ስልክ እንኳ ሳያነሳ ይተወዋል። ሁለቱም ግምቶች ነጋዴውን ለኪሳራ ይዳርጉታል።

የገንዘቡን ዕጣ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቲኬቱ የተሸጠበት የዋጋ ደንብ ሲሆን ሁለተኛው መንገደኛው እንደማይሄድ ያሳወቀበት ሰዓት ነው። ደንቡ ቲኬቱ በተገዛበት ቀን ያለቀ ጉዳይ ነው። ሰዓቱ ግን በታማሚው ወይም በቤተሰቡ እጅ ነው። ከፍተኛው ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

ሕጉና ውሉ

በዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ የመንገደኛን መብት የሚደነግገውና ኢትዮጵያም የገባችበት የሞንትሪያል ስምምነት (1999 እ.ኤ.አ.) በዋናነት የሚናገረው አጓጓዡ በመንገደኛው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ ስለ መዘግየትና ስለ ሻንጣ መጥፋት ነው። መንገደኛው ራሱ ታሞ ሲቀር ገንዘቡ ይመለስለት የሚል ድንጋጌ የለውም። በመሆኑም ጉዳዩ የሚታየው በውሉ መሠረት ነው።

ውሉ ደግሞ ሁለት ንብርብር አለው። የመጀመሪያው አየር መንገዶች፣ በምህጻሩ አያታ በሚባለው ዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ናሙና ላይ ተመስርተው የሚያወጡት አጠቃላይ የማጓጓዣ ደንብ ነው። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ቲኬት ጋር አብሮ የሚሸጠው የዋጋ ደንብ ነው። ቲኬቱ ገንዘቡ የሚመለስለት ነው ወይስ አይደለም፣ ቀን ለመቀየር ስንት ይከፈላል፣ ሳያሳውቁ መቅረት ምን ያስከትላል የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ያለው በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ነው። በአንድ አውሮፕላን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች ሁለት የተለያየ የዋጋ ደንብ ሊኖራቸው ይችላል። የአንዱ ጓደኛ ገንዘቡ ተመለሰለት ማለት የሌላውም ይመለሳል ማለት አይደለም።

አጠቃላይ ደንቡ ስለ ሕመም ሲናገር ጉዞው ከመጀመሩ በፊት የሚመጣውንና ከተጀመረ በኋላ የሚመጣውን ለያይቶ ያያል። መንገደኛው ጉዞውን ከጀመረ በኋላ፣ ለምሳሌ ጓንዡ ደርሶ ቢታመምና የቲኬቱ ዕድሜ ቢያልፍበት፣ የሐኪም ማስረጃ ሲያቀርብ አየር መንገዱ ለመጓዝ እስከሚችልበት ቀን ድረስ የቲኬቱን ዕድሜ ሊያራዝምለት ይችላል። አብረውት ለሚጓዙ የቅርብ ቤተሰቦቹም እንዲሁ ሊደረግ ይችላል።

ጉዞው ሳይጀመር የታመመ ሰው ግን ይህን ያህል ግልጽ ከለላ የለውም። በብዙ አየር መንገዶች ደንብ ውስጥ ያለው አንቀጽ የሚለው፣ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት ፈጽሞ ሳይነካ መንገደኛው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከቀረ፣ በአስቸኳይ ካሳወቀና ማስረጃ ካቀረበ፣ የአስተዳደር ወጪ ተቀንሶ ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚውል ሒሳብ ሊያዝለት ይችላል ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ለሌላ ጉዞ የሚውል ሒሳብ ነው። «በአስቸኳይ ማሳወቅ» ቅድመ ሁኔታ ነው። ከዚህም በላይ ሁሉም አየር መንገድ ሕመምን «ከአቅም በላይ» ከሚባለው ውስጥ አያስገባም።

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የነበረው አሠራር ብዙ ሰው ላይ የተሳሳተ ግምት ትቷል። የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ በዓለም ዙሪያ በርካታ አየር መንገዶች ያለ ቅጣት ቀን እንዲቀየርና የቲኬት ዕድሜ እንዲራዘም ፈቅደው ነበር። ያ በችግሩ ወቅት የተሰጠ ልዩ ፈቃድ ነበር እንጂ የቲኬት ሽያጭ ዘላቂ ደንብ አልነበረም። ዛሬ «ያኔ እኮ ቀይረውልኝ ነበር» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

የቲኬቱ ዋጋ ውስጡ ምን አለ?

መንገደኛው በአንድ ደረሰኝ የሚከፍለው ገንዘብ ሦስት ክፍሎች አሉት። እነሱም መሠረታዊ የጉዞ ዋጋ፣ አየር መንገዱ ራሱ የሚጨምረው እንደ ነዳጅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ እንዲሁም አየር መንገዱ ለመንግሥታትና ለኤርፖርቶች የሚሰበስበው ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ናቸው። «ገንዘቡ አይመለስም» በተባለ ቲኬት ላይ እንኳ መንገደኛው ካልበረረ ሦስተኛው ክፍል በአብዛኛው የሚመለስ ነው። ይሁን እንጂ ሳይጠየቅ የሚመልስ የለም። መንገደኛው ወይም ወኪሉ በጊዜው ማመልከት ይኖርበታል።

ለስሌት ያህል የደርሶ መልስ ቲኬቱ 90,000 ብር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 60,000ው መሠረታዊ ዋጋ፣ 15,000ው ተጨማሪ ክፍያ፣ 15,000ው ደግሞ ታክስ ይሁን። ነጋዴው ከበረራው አንድ ቀን አስቀድሞ አሳውቆ ጉዞውን በሁለት ሳምንት ቢያራዝም፣ የመቀየሪያው ክፍያ 8,000 ብር፣ የዋጋ ልዩነቱም 7,000 ብር ቢሆን፣ ሕመሙ ያስወጣው ተጨማሪ ገንዘብ 15,000 ብር ብቻ ነው።

ያው ነጋዴ ምንም ሳይናገር ቢቀርና ቲኬቱ ጥብቅ ደንብ ያለው ቢሆን ከታክሱ በቀር 75,000 ብሩ ይቃጠላል። በኋላ ለመሄድ አዲስ ቲኬት በ97,000 ብር ይገዛል። የተመለሰለት 15,000 ብር ሲቀነስ ተጨማሪ ወጪው 82,000 ብር ይደርሳል። ሕመሙ አንድ፣ ቲኬቱ አንድ፣ ልዩነቱ ግን 67,000 ብር ነው። አሃዞቹ ለምሳሌ የቀረቡ ሲሆኑ በየቲኬቱ ይለያያሉ። አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

ሳያሳውቁ መቅረት በአየር መንገዶች ቋንቋ «ኖ-ሾው» ይባላል። ወንበሩ ለሌላ ሰው ሳይሸጥ ባዶውን ስለሚሄድ አየር መንገዱ ኪሳራውን በመንገደኛው ላይ ይጥላል። አስቀድሞ የተለቀቀ ወንበር ግን ሊሸጥ ይችላል። ብዙ የዋጋ ደንቦች «ከበረራ በፊት» እና «ከበረራ በኋላ» ብለው ሁለት የተለያየ ቅጣት የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጋይንት እስከ ቦሌ

የክፍለ ሀገር ነጋዴ የሚጋፈጠው ሌላም ችግር አለ። የድጓ ምስክር ቤት ያለበትን ቤተ ልሔምን ይዞ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለ መንገደኛ አውሮፕላን የሚያገኘው ባሕር ዳር ነው። ከላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ የሚነሳውም ከወልድያ ወረታ በሚዘልቀው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» በሚለው አውራ ጎዳና በደብረ ታቦር አድርጎ ይወርዳል። ከደብረ ታቦር እንኳ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት የተነሳ መንገድ ሳይታሰብ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። በዚያው ወር ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራም ለቀናት ተቋርጦ ነበር። አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ከሰረዘ ደንቡ ሌላ ነው፤ መንገደኛው ያለ ቅጣት ሌላ በረራ ወይም ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። መንገደኛው በመንገድ መዘጋት ወይም በሕመም ሲቀር ግን የራሱ መቅረት ሆኖ ይቆጠራል።

ብዙዎችን ያጠመደው ወጥመድ የቲኬት ቅደም ተከተል ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ፣ ከዚያም መልስ ተብሎ በአንድ ቲኬት የተቆረጠ ጉዞ በተራው መበረር አለበት። የመጀመሪያው ክፍል ሳይበረር ከቀረ የቀሩት ሁሉ፣ መልሱን ጨምሮ፣ ሊሰረዙ ይችላሉ። አንድ ነጋዴ ሐሙስ ለሚነሳው የባሕር ዳር በረራ አሞት ቢቀርና አርብ ሲሻለው በመኪና አዲስ አበባ ገብቶ ቦሌ ቢቀርብ፣ «የዱባዩ በረራ አላመለጠኝም» ብሎ ያስብ ይሆናል። በኮምፒዩተሩ ላይ ግን የዱባይ ወንበሩ ከሐሙስ ጀምሮ የለም። አስቀድሞ ደውሎ «ከአዲስ አበባ ነው የምነሳው» ቢል ኖሮ፣ የዋጋ ልዩነት ሊጠየቅበት ቢችልም፣ ጉዞው ይድን ነበር።

የአገር ውስጡና የውጭው ለየብቻ በሁለት ቲኬት የተቆረጡ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የባሕር ዳሩን የሰረዘ ሰው የዱባዩን እንደሰረዘ አይቆጠርም።

ልብረር ወይስ ልቅር?

ገንዘቡ እንዳይጠፋ በማለት ሕመሙን ደብቆ መሳፈር የሚሞክር አይጠፋም። ይህ ሁለት ጊዜ ያከስራል። አየር መንገድ በጤናው ሁኔታ ለራሱ ወይም ለሌላው አስጊ የመሰለውን መንገደኛ ያለመጫን መብት በደንቡ ውስጥ አለው። በር ላይ የተመለሰ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ካሳወቀው ሰው ያነሰ የመደራደር አቅም ይኖረዋል።

ስለ አውሮፕላን አየር በደጋው አገር የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ክፍል ውስጥ የሚኖረው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። አዲስ አበባ ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ፣ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በጋይንት ደጋ ያለ ችግር የሚተነፍስ ሰው አውሮፕላን ውስጥ የሚያገኘው አየር ከለመደው የሳሳ አይደለም። አደጋው ያለው በሌሎች ሕመሞች ላይ ነው።

ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ኖሮት ጆሮው የተደፈነ ሰው የሚሠቃየው ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሳይሆን በባሕር ጠረፍ ወዳለችው ዱባይ ሲወርድ ነው። ሆዱን የተቀደደ ሰው ደግሞ ሥጋቱ ሲመለስ ይብሳል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከፍ ሲል በሰውነት ውስጥ የታመቀ አየር እስከ ሲሶ ገደማ ይሰፋል። ከከባድ የሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ ወደ አሥር ቀን፣ ችግር ያላስከተለ የልብ ድካም ከደረሰም በኋላ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን መቆየት የተለመደ መመሪያ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በጀሶ ከታሰረ በኋላ እብጠቱ እስኪረጋ ድረስ 48 ሰዓት ይጠበቃል። በሳል የሚተላለፍ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው መሳፈር የለበትም። የጉድፍ በሽታ የያዘውም ቁስሉ ደርቆ እስኪቀረፍ ይቆያል። ነፍሰ ጡር ነጋዴ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ማስረጃ ልትጠየቅ ትችላለች። ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በአጠቃላይ መብረር አይመከርም።

ለሰሊጥ ወደ መተማ ወርዶ ወደ ደጋ የተመለሰ ነጋዴ ትኩሳት ሲይዘው ወባን ማሰብ አለበት። የደም ምርመራው በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ ለተለመደው ዓይነት የሚሰጠው መድኃኒትም የሦስት ቀን ነው። በመሆኑም ቶሎ የተመረመረ ሰው ጉዞውን በሳምንት አራዝሞ ቲኬቱን ሊያድን ይችላል። «ያልፍልኛል» ብሎ እስከ በረራው ዋዜማ የቆየ ግን ጤናውንም ቀኑንም ያጣል።

መብረር ይችል እንደሆነ ላልተረጋገጠ ሰው አየር መንገዶች ሜዲፍ የሚባል የጤና መረጃ ቅጽ አላቸው። ቅጹን ሐኪሙ ይሞላል፤ የአየር መንገዱ የሕክምና ክፍል ደግሞ አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል።

የሐኪም ወረቀት ምን መያዝ አለበት?

የሐኪም ወረቀት ቲኬቱን በራሱ አያስመልስም። የሚያገለግለው ደንቡ በር ሲከፍት ወይም አየር መንገዱ በፈቃዱ ቅጣት ሲያነሳ ነው። በዚያ ጊዜ እንዲጠቅም፣ ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መጻፍ፣ የተመረመረበት ቀን መኖር፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በአየር ለመጓዝ እንደማይችል መገለጽ፣ የሐኪሙ ፊርማና የተቋሙ ማህተም መኖር አለበት። «ታሞ ታክሟል» የሚል ብቻ የሆነ ወረቀት ደካማ ማስረጃ ነው። ለውጭ አየር መንገድ የሚቀርብ ከሆነ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ የሚታየው ቀኑ ነው። በጋይንትና በአካባቢው ሰው ሲታመም በመጀመሪያ ጠበል መሄዱ የተለመደ ነው። ይህ በእምነቱ ያለ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ከጠበል መልስ፣ በረራው ካለፈ ከሳምንት በኋላ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት መንገደኛው በበረራው ቀን መታመሙን አያስረዳም። ጠበሉንም ሕክምናውንም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ቀርቦ ካርድ ቢያወጣ ማስረጃው ቀኑን ይይዝለታል። ደብረ ታቦርም ሆነ ባሕር ዳር ያሉት ሆስፒታሎች ለዚህ በቂ ናቸው።

ወኪሉ፣ ደላላውና ገንዘቡ

ቲኬት በጉዞ ወኪል በኩል ከተገዛ የገንዘብ ማስመለስ ጥያቄውም በዚያው ወኪል በኩል ይሄዳል። የወኪሉ የአገልግሎት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። እዚህ ላይ መሰረዝና ማስመለስ የተለያዩ መሆናቸው መታወቅ አለበት። መሰረዝ ማለት ወንበሩን ከበረራው በፊት መልቀቅ ሲሆን በደቂቃዎች ያልቃል። ማስመለስ ደግሞ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እሑድ ሌሊት የታመመ ሰው የወኪሉ ቢሮ ሰኞ እስኪከፈት ከጠበቀ አውሮፕላኑ ሄዷል። ስለዚህ በቀጥታ ለአየር መንገዱ የደንበኞች ስልክ ደውሎ ቦታውን ማስሰረዝና የገንዘቡን ጉዳይ ለወኪሉ ማቆየት ይገባል።

ለዚህም የቲኬቱ ቁጥር ያስፈልጋል። አየር መንገዶች የወረቀት ቲኬትን ከሰኔ 1 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለተዉት ዛሬ ቲኬት ማለት ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ መዝገብ ነው። መንገደኛው ማወቅ ያለበት ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር የቦታ ማስያዣ ምልክቱንና 13 አሃዝ ያለውን የቲኬት ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት በ071 ይጀምራል። ቲኬቱን በደላላ በኩል «ርካሽ አገኘሁልህ» ተብሎ የገዛ ነጋዴ እነዚህን ሳይቀበል ገንዘብ መክፈል የለበትም። በማን ስምና በየትኛው ወኪል እንደተቆረጠ የማያውቀውን ቲኬት ታሞ ሲቀር የሚጠይቅበት ቦታ አያገኝም። በቲኬቱ ላይ የሚመዘገበው ስልክም የደላላው ሳይሆን የመንገደኛው ሊሆን ይገባል።

የተመላሽ ገንዘብ ሌላው ጉዳይ የብር ዋጋ ነው። አየር መንገዶች ገንዘብ የሚመልሱት በተለምዶ በተከፈለበት የገንዘብ ዓይነትና መንገድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀደም 500 ዶላር የሚያወጣ ቲኬት በ28,500 ብር የገዛ ሰው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ቢመለስለት እንኳ፣ በ100 ብር ምንዛሪ ያንኑ ቲኬት ለመግዛት 50,000 ብር ያስፈልገው ነበር። ብር በሚወርድበት ጊዜ ከተመላሽ ብር ይልቅ ቀን ማስቀየር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ኢንሹራንስ አለኝ ያለ ሰው

ብዙ ነጋዴዎች የጉዞ መድን አለን ይላሉ። የሼንገን አገሮች ቪዛ ለመጠየቅ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ግዴታ በመሆኑ በአገራችን የመድን ኩባንያዎች የሚሸጠውን ይህን ውል የያዙ ብዙ ናቸው። ሆኖም ቪዛው የሚጠይቀው በውጭ አገር ለሚደርስ ድንገተኛ ሕክምና፣ ለሆስፒታልና ወደ አገር ለመመለስ የሚወጣውን ወጪ መሸፈኑን ነው። ከመነሳት በፊት ታሞ የመቅረት ኪሳራ በዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር የሚታወቀው ውሉ ሲነበብ ነው። «የጉዞ መሰረዝ» የሚል ሽፋን ካለም፣ ከመግዛቱ በፊት የነበረ ሕመም መካተቱን፣ የቤተሰብ ሕመም መቆጠሩንና በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለበት መጠየቅ ይገባል።

ቲኬቱ ባይተላለፍም ሥራው ይተላለፋል

የአውሮፕላን ቲኬት በሌላ ሰው ስም አይዞርም። «እኔ ከታመምኩ ወንድሜ ይሂድበት» የሚባል ነገር የለም። የንግዱ ሥራ ግን በውክልና ሊተላለፍ ይችላል። በሰነድ ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ውክልና አስቀድሞ ያዘጋጀ ነጋዴ ባለቤቱ ወይም ሸሪኩ ቪዛ ካለው ሌላ ቲኬት ቆርጦ ሊልክ ይችላል።

ቀኑ ደግሞ ሁልጊዜ አይራዘምም። ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጓንዡ የሚካሄደው የካንቶን ትርዒት በፀደይና በመኸር በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚከፈት ሲሆን፣ በሦስት ዙር ተከፍሎ በየዙሩ የሚታየው የዕቃ ዓይነት የተለያየ ነው። ሁለት ሳምንት የዘገየ ሰው ሊያየው የሄደውን ዕቃ ላያገኘው ይችላል። ቪዛውም የራሱ መግቢያ ቀን ገደብ አለው። ስለሆነም ነጋዴው አዲስ ቀን ከማስያዙ በፊት ቪዛውን፣ የሆቴሉን ስረዛ ደንብና የአቅራቢውን ቀጠሮ አንድ ላይ አይቶ መወሰን ይኖርበታል።

በታመመው ነጋዴ ላይ ዕቃ የሚጠብቅ ደንበኛ ካለስ? እዚህ ላይ ሕጉ ከቲኬቱ ይልቅ ለንግድ ውሉ ይረዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1793 ከአቅም በላይ ሊባሉ ከሚችሉት ምክንያቶች መካከል የባለዕዳውን ያልታሰበ ከባድ ሕመም ይጠቅሳል። ቲኬቱን ሊያስመልስ ያልቻለው የሐኪም ወረቀት ዕቃውን በቀኑ ባለማስረከብ ከሚመጣ ካሣ ሊያድን ይችላል። እርግጥ ነው፣ ሕመሙ ግዴታውን ፈጽሞ ለመወጣት የከለከለው መሆን አለበት። ወኪል መላክ ይችል የነበረ ሰው ክርክሩ ይከብደዋል። ለደንበኛውም በዚያው ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል።

ቅደም ተከተሉ

ሕመሙ በበረራው ዋዜማ ሲመጣ የሚሠራው ሥራ ተራ አለው። መጀመሪያ ታማሚው ሕክምና ያገኛል። በዚያው ሰዓት ከቤተሰቡ አንዱ የቲኬቱን ቁጥር ይዞ ለአየር መንገዱ ይደውላል፤ በረራውንና ተከታዮቹን በሙሉ ያስሰርዛል ወይም ያዘዋውራል፤ ያነጋገረውን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ይጽፋል፤ በኢሜይል ወይም በአጭር መልእክት ማረጋገጫ ይጠይቃል። መቼ እንደሚሻለው ያልታወቀ ሰው አዲስ ቀን ለመያዝ መቸኮል የለበትም። ቲኬት ባብዛኛው እስከ አንድ ዓመት ዕድሜ ስላለው ደንቡ ከፈቀደ ቀኑን ክፍት አድርጎ መተው ይቻላል። ሁለት ጊዜ መቀየር ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል። የሐኪም ወረቀቱ በዚያው ቀን ይወሰዳል። ወኪሉ፣ ሆቴሉ፣ አቅራቢውና ደንበኛው ከዚያ በኋላ ይነገራቸዋል። የታክስና የሌላ ተመላሽ ማመልከቻ መጨረሻ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን ቲኬቱ ሲገዛ ሦስት ጥያቄዎች ከተጠየቁ ነው። ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ቀን መቀየሪያው ከበረራ በፊትና በኋላ ስንት ነው? ስሰርዝ የምደውለው የት ነው? ወኪሉ መልሱን በጽሑፍ ካልሰጠ ነጋዴው ሌላ ወኪል ጋ ቢሄድ ይሻለዋል። የቲኬቱ ቁጥርም በነጋዴው ስልክ ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ሲታመም ስልኩን የሚያነሳለት ሰው እጅ መገኘት አለበት።